አሞናይት ፍለጋ በድሬዳዋና በሐረር ዙሪያ፦ ድንጋዩን ሳታነሱ ማግኘት፣ መለየትና መመዝገብ

በድሬዳዋና በሐረር ዙሪያ ነጣ ያለ፣ ግራጫ ወይም ቢጫ ቢጫ የሚል፣ በንብርብር የተኛ ድንጋይ ብዙ አለ። በሃ ድንጋይ ወይም የኖራ ድንጋይ የምንለው ነው። የድሬዳዋ ሲሚንቶ የሚሠራው ከዚሁ ዓይነት ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ የባሕር ወለል ነበር። በጁራሲክ ዘመን፣ ማለትም ከ201 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ባሕር ገብቶ ምሥራቁን አገራችንን ሸፍኖት ነበር። በዚያ ባሕር ውስጥ ከሚኖሩት መካከል ጥቅልል ቅርፊት ያለው አሞናይትና የጥይት ቅርጽ ያለው ቅሪት የሚተወው ቤለምናይት የሚባሉ እንስሳት ነበሩ። ዛሬ በሕይወት ካሉት ውስጥ የቅርብ ዘመዶቻቸው ስኩዊድና ኦክቶፐስ ናቸው። ሁለቱም ጠፍተዋል። አሞናይት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ዳይኖሰሮች በጠፉበት ጊዜ አልቋል።

የአካባቢያችን ቅሪተ አካል ለዓለም ሳይንስ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1943 የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ከያኔው የሐረር ግዛት ስለተሰበሰቡ ቅሪተ አካላት ተከታታይ ጽሑፍ አሳትሟል። አሞናይቶችም ኮራሎችም አሉበት። እኛ ግን እዚሁ ተወልደን፣ እዚሁ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን አድገን፣ አብዛኞቻችን ምን ላይ እንደተቀመጥን አናውቅም። ይህን የጻፍኩት ለዚያ ነው። መምህር ብትሆኑ፣ ተማሪ ብትሆኑ፣ ቅዳሜ ጠዋት በእግሩ መውጣት የሚወድ ሰው ብትሆኑ፣ ሥራው ከአቅማችሁ በላይ አይደለም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። የአሞናይት ትልቁ ጥቅም ዕድሜ መናገሩ ነው። አሞናይቶች ቶሎ ቶሎ መልካቸውን እየለወጡ፣ በሰፊው ባሕር ተሠራጭተው ኖረዋል። ስለዚህ የትኛው ዓይነት በየትኛው ንብርብር እንዳለ ያወቀ ባለሙያ ድንጋዩ መቼ እንደተሠራ ይናገራል። እዚህ ያለውን ንብርብር በሌላ አገር ካለው ጋር ያመሳክራል። ድንጋዩን አንስታችሁ ቤት ካስገባችሁት ግን ይህ ሁሉ ቀረ። የቡፌ ጌጥ ብቻ ሆነ ማለት ነው። ከድንጋዩ ይልቅ የተገኘበት ቦታ ይበልጣል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተሠራው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

ሕጉና ፈቃዱ

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በጽሑፍ ፈቃድ ሳያገኙ ቅርስ መፈለግንና መቆፈርን ይከለክላል። በአጋጣሚ ያገኘ ሰውም ሳይነካ ጠብቆ ወዲያው እንዲያሳውቅ ያዛል። ስለዚህ ይህ መመሪያ የቁፋሮ አይደለም። መሬት ላይ ተገልጦ የሚታየውን አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ጽፎ ማሳወቅ ነው። በተለይ ከክፍል ተማሪዎች ጋር ወይም በቡድን የምትወጡ ከሆነ አስቀድማችሁ የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ሂዱና ደብዳቤ ያዙ። ቀበሌ ላይም ያ ደብዳቤ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ሁለተኛው ፈቃድ የሰዉ ነው። ተራራው ባዶ ይመስላል እንጂ ባለቤት የሌለው መሬት የለም። እርሻ ነው፣ የጫት ማሳ ነው፣ የግጦሽ ቦታ ነው። በገጠሩ አብዛኛው ሰው ኦሮምኛ ተናጋሪ ስለሆነ ቢያንስ ሰላምታውን በቋንቋው ጀምሩ። «አካም ቡልተን» ብሎ የጀመረና ዝም ብሎ ማሳ ያቋረጠ ሰው እኩል አይታይም። ሰው ድንጋይ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ወርቅ ወይም ማዕድን የሚፈልግ ነው የሚመስለው። ስለዚህ እውነቱን ቶሎ ተናገሩ፦ «አባባ፣ ድሮ እዚህ ባሕር ነበር፤ የባሕሩ እንስሳ ድንጋይ ሆኖ ቀርቷል። እሱን ፎቶ ልናነሳ ነው። ድንጋዩን አንወስድም።» ስልካችሁ ላይ የአሞናይት ፎቶ ካለ አሳዩ። ብዙ ጊዜ «ይሄንማ እናውቀዋለን፣ ኑ ላሳያችሁ» የሚል እረኛ አይጠፋም። ከማንኛውም ካርታ የሚበልጠው ይሄ ነው።

የድንጋይ ካባዎች ሌላ ጉዳይ ናቸው። ሥራ ላይ ያለ ካባ ውስጥ ያለ ኃላፊው ፈቃድ አትግቡ። ፍንዳታ አለ፣ ናዳ አለ፣ ከባድ መኪና አለ። ከተፈቀደላችሁም ከተቆረጠው ግድግዳ ሥር አትቁሙ።

መቼ ትውጡ?

ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል። ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ክረምቱ ያጠበው ድንጋይም ገና አዲስ ነው። ድሬዳዋ በኩል ከሆናችሁ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምራችሁ እስከ 4 ሰዓት ጨርሱ። ሐረር ከፍ ስለሚል ትንሽ ይታገሳችኋል። ጠዋት መውጣት ለሌላም ይጠቅማል፤ ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ ትንሹም ሸንተረር ጥላ ይጥላል። ቀትር ላይ ምንም ያልታያችሁ ድንጋይ ጠዋት ጥርት ብሎ ይታያል።

በዝናብ ወራት ደረቅ ወንዝ ውስጥ አትግቡ። ይህን በቀላሉ እንዳትወስዱት። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን የሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ፣ ደቻቱ፣ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሕይወት አልፏል። ዝናቡ የሚዘንበው ላይ ተራራው ላይ ነው። እናንተ የቆማችሁበት አሸዋ ደረቅ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። ደራሹ ግን ይመጣል። ወደ ላይ በኩል ደመና ካያችሁ ወዲያው ውጡ።

የሚያዘው ዕቃ ብዙ አይደለም። በቂ የሚጠጣ ውሃ፣ ድንጋይ የሚያረጥብ ትንሽ ውሃ ለብቻው፣ ማስመሪያ፣ ደብተር፣ ለስላሳ እርሳስ፣ ስስ ነጭ ወረቀት፣ አንድ ሎሚ፣ አንድ ምስማር፣ ያልተሠራበት መፋቂያ፣ ሙሉ ቻርጅ ያለው ስልክ። ድፍን ጫማ አድርጉ። መዶሻና መሮ ቤት ይቅሩ።

ትክክለኛውን ድንጋይ ማግኘት

የአካባቢያችን ድንጋይ ቅደም ተከተል አለው። ከሥር በጣም ያረጀ ጠንካራ አለት አለ። በላዩ አሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ በሃ ድንጋዩ፣ ከዚያ እንደገና አሸዋ ድንጋይ፣ ከሁሉ በላይ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ። የሚፈለገው መካከል ላይ ያለው በሃ ነው። ችግሩ ስምጥ ሸለቆው ሲከፈት መሬቱ ተሰንጥቆ እየተንሸራተተ ወርዷል። ስለዚህ ያው ንብርብር አንድ ቦታ ተራራ ላይ፣ ሌላ ቦታ ከግርጌ ይገኛል። ከፍታ አይታችሁ አትወስኑ፣ ድንጋዩን እዩ።

ካልለያችሁት ሎሚ አለላችሁ። ከመሬት የወደቀ፣ ምንም ቅርጽ የሌለበት ቁራጭ ድንጋይ ያዙ። በምስማሩ ጫር ጫር አድርጉና ዱቄት አውጡ። ዱቄቱ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጉበት። ቅጭጭ እያለ አረፋ ካወጣ በሃ ነው። ጥቁር ድንጋይና ንጹሕ አሸዋ ድንጋይ ዝም ይላሉ። አንድ ማሳሰቢያ፦ ጥቁሩ ድንጋይም ላዩ ላይ ነጭ የኖራ ቅርፊት ይይዛልና ቅርፊቱ አረፋ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ጭረቱ ቅርፊት በሌለበት ገጽ ላይ ይሁን። ቅሪተ አካሉ ራሱ ላይ ግን ሎሚም ኮምጣጤም ፈጽሞ አታስነኩ። ያው ኖራ ስለሆነ ይበላዋል፣ የተበላው ደግሞ አይመለስም።

በሃው ሁሉ እኩል አይደለም። ወፍራምና ጠንካራ ንብርብር ብዙ ጊዜ ጥልቀት በሌለው ባሕር የተሠራ ነው። እሱ ላይ ኮራል፣ የኦይስተር ቅርፊትና ቀንድ አውጣ ታያላችሁ። አሞናይት የማግኘት ዕድላችሁ ከፍ የሚለው በጠንካሮቹ መካከል ሳሳ ብሎ የገባው ለስላሳ፣ ጭቃ የሚመስል፣ በቀላሉ የሚፈረፈር ንብርብር ላይ ነው። እሱ ሲሸረሸር ጠንከር ያለው ቅሪተ አካል ላዩ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። ስለዚህ ከጠንካራው ጠርዝ ሥር ያለውን ተዳፋት እየተመላለሳችሁ፣ ቀስ ብላችሁ፣ መሬት መሬቱን እያያችሁ ሂዱ። ድንጋይ አትገልብጡ። ጊንጥና እባብ ከሥሩ ማደር ይወዳሉ።

ተራራ ከመውጣታችሁ በፊት ዓይናችሁን ከተማ ውስጥ አለማምዱ። የደቻቱ ኮረት ከላይ ከተራራው የመጣ ስለሆነ በበጋ ዳር ዳሩን እየሄዱ ማየት ጥሩ ትምህርት ነው። የድንጋይ አጥር፣ ለግንባታ የተከመረ ድንጋይ፣ የግቢ ንጣፍ፣ ሁሉም ይታያል። ሐረር ደግሞ የጀጎል ግንብ የተሠራው ሐሺ ከሚባለው፣ ከኖራ ወገን ከሆነ የአካባቢው ድንጋይ ነው። ግንቡን በዓይን ብቻ እዩ። ጀጎል ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ያለ ነው። መጫርም፣ ማርጠብም፣ ወረቀት መለጠፍም አይፈቀድም።

ምን እንዳገኛችሁ መለየት

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

አሞናይት ጥቅልል ነው። ግን ጥቅልሉ ዝርግ ነው። መሬት ላይ ብታስተኙት ሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ነው፤ መሐሉ ወደ አንድ ወገን አይወጣም። ቀንድ አውጣ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይሾላል፤ አንዱ ጎን ጉብ፣ ሌላው ጎን አፍ ነው። በጁራሲክ በሃ ውስጥ ረጃጅም ሹል የባሕር ቀንድ አውጣዎች ብዙ ናቸው። ድንጋዩ በአግድም ተቆርጦ ከታየ የእነሱም ክብ ክብ መስሎ ይታያል። ስለዚህ አንድ ገጽ ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ ከጎን ያለውን ስንጥቅ ፈልጉ። ነጭ፣ ቀላል፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ቅርፊት ካያችሁ ደግሞ የዘንድሮ ወይም የአምና የየብስ ቀንድ አውጣ ነው።

ከዚያ ላዩን እዩ። ከመሐል ወደ ውጭ የሚሮጡ ሸንተረሮች አሉ? ጫፋቸው ላይ ሲደርሱ ለሁለት ይከፈላሉ ወይስ አንድ እንደሆኑ ይዘልቃሉ? ጀርባው፣ ማለትም የጥቅልሉ ውጭኛ ጠርዝ፣ ላይ ክር መሰል ጉብታ አለ ወይስ ክብ ነው? የመጨረሻው ዙር የፊተኞቹን ዙሮች ምን ያህል ሸፍኗቸዋል? ባለሙያው ዓይነቱን የሚለየው በእነዚህ ነው። እናንተ ስሙን ባታውቁም እነዚህን ካያችሁ ሥራችሁን ሠርታችኋል።

በጣም የምወደው ምልክት የስፌት መስመሩ ነው። አሞናይት ቅርፊቱን በግድግዳ ግድግዳ እየከፈለ ነው የሚያድገው። ራሱ የሚኖረው ውጭ ባለው በመጨረሻው ክፍል ነው። ከኋላ ያሉት ክፍሎች አየር የያዙ፣ በባሕሩ ውስጥ የሚያንሳፍፉት ናቸው። ሁሉንም የሚያገናኝ አንድ ቀጭን ቱቦ አለ። ግድግዳው ከቅርፊቱ ጋር የተጋጠመበት መስመር ስፌት ይባላል። እኛ የምናገኘው ብዙ ጊዜ ቅርፊቱን ሳይሆን ውስጡ ገብቶ የደረቀውን ደለል ነው። ቅርፊቱ ስለሟሟ መስመሩ ተገልጦ ይታያል። ድንጋዩን ትንሽ ውሃ አድርጉበትና ፀሐዩን በጎን አድርጋችሁ ተጠጉ። መስመሩ ወጣ ገባ እያለ፣ እያንዳንዱ ወጣ ያለው ራሱ በትንንሹ እየተቆራረጠ፣ ጥልፍልፍ ብሎ ካያችሁት አሞናይት ነው። መስመሩ ለስላሳና ለዘብ ያለ ጥምዝ ብቻ ከሆነ ናውቲለስ ሊሆን ይችላል። ናውቲለስ ዛሬም በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖስ የሚኖር የአሞናይት ዘመድ ነው። ድንጋዩ ተሰብሮ ከታያችሁ ቱቦውንም ፈልጉ፤ በአሞናይት ከውጭው ጠርዝ አጠገብ ነው፣ በናውቲለስ ወደ መሐል ነው።

ስፌቱ ስላልታያችሁ ግን አሞናይት አይደለም ማለት አይደለም። ድንጋዩ ተልጦ ወይም ሻካራ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ያልታየውን «አልታየም» ብላችሁ ጻፉ።

ቤለምናይት ሌላ ነው። ጥይት ይመስላል። አንድ ጫፉ ሹል፣ ሰውነቱ ድብልብል፣ ለስላሳ፣ ብዙ ጊዜ ማር መልክ ወይም ቡናማ ነው። ያ ቁራጭ የእንስሳው የውስጥ አካል የኋላ ጫፍ ነው። ከጠንካራ ካልሳይት ስለተሠራ ሌላው አካል ሲጠፋ እሱ ይቀራል። የተሰበረ ካገኛችሁ ስብራቱን አፍጥጣችሁ እዩት። ከመሐል ካለች ነጥብ ወደ ዳር የሚፈነጥቁ ቀጫጭን ክሮች አሉ፤ በእነሱ ላይ ደግሞ ክብ ክብ ቀለበቶች ተደርበዋል። ይህን ያየ ሰው ቤለምናይትን ከተራ ድንጋይ ጋር አያምታታም። እንጨት መሰል ኮራል ስብራቱ ላይ የተለያዩ ትንንሽ ግድግዳዎች አሉት እንጂ ይህን አይመስልም።

ሁለት ሐሰተኞች ልጨምር። ብረት ያለበት ውሃ ድንጋይ ውስጥ ሲሰርግ ቡናማ ክብ ክብ ቀለም ይተዋል፤ ቀለም ብቻ ነው፣ ጣት ሲያልፍበት ጉብታ የለውም። ድቡልቡል ጠጣር ድንጋይም ሁልጊዜ ውስጡ አንዳች ነገር አለ ማለት አይደለምና ልስበረው አትበሉ።

መመዝገብ

መጀመሪያ ሳትነኩ ፎቶ አንሱ። ከሩቅ አንድ፣ ኮረብታውና መንገዱ የሚታይበት። ከዚያ ንብርብሩ ሙሉ በሙሉ የሚታይበት። ከዚያ ከአንድ ሜትር። በመጨረሻ ከቅርብ፣ ማስመሪያው ከጎኑ ተጋድሞ፣ ስልኩ ቀጥ ብሎ ከላይ። ብዙ ሰው የቅርቡን ብቻ ያነሳና በኋላ የት እንደነበር ይጠፋበታል። አቧራ ካለበት በመፋቂያው እፍ እያላችሁ ጠርጉት፤ የሚነቃነቅ ወይም የሚፈረፈር ከሆነ ግን ተዉት። ፀሐዩ አናት ላይ ከሆነ ነጠላ ወይም ጃንጥላ ጥላ አድርጉና የሌላ ሰው ስልክ መብራት ከጎን ይብራበት።

የስልኩ ሎኬሽን መብራቱን አረጋግጡ። ኔትወርክ ባይኖርም ጂፒኤሱ ይሠራል፣ ትንሽ ታገሱት ብቻ። ቁጥሩን ደብተር ላይም ጻፉ። እዚህ አካባቢ ኬክሮሱ በ9፣ ኬንትሮሱ በ41 ወይም በ42 ነው የሚጀምረው። ሌላ ቁጥር ካያችሁ ስልኩ የድሮ ቦታ ይዞ ነው።

ሸንተረሩ ጥሩ ከሆነ ስሱን ወረቀት አልብሱትና የእርሳሱን ጎን በቀስታ እያሻችሁ ቅርጹን አንሱ። ድንጋዩ ደረቅና ጠንካራ ሲሆን ብቻ ነው ይህ። ከፎቶ ይልቅ ሸንተረር ለመቁጠር የሚመቸው ይሄ ወረቀት ነው።

ጽሑፉ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ምሳሌ ልስጥ፦

«ኅዳር 12፣ ጠዋት 1፡30። ኬክሮስና ኬንትሮስ ከፎቶው ጋር። ከትንሿ ድልድይ ወደ ላይ 200 እርምጃ ያህል፣ ከመንገዱ በስተግራ። ድንጋዩ ግራጫ በሃ፣ በሎሚ አረፋ ያወጣል። ቅሪተ አካሉ ከንብርብሩ አልተላቀቀም። የንብርብሩ ውፍረት ግማሽ ሜትር ያህል። ከላዩ የኦይስተር ቅርፊት የበዛበት ጠንካራ በሃ፣ ከሥሩ ቢጫ ፍርፍር። ዝርግ ጥቅልል፣ ስፋቱ 8 ሴንቲ ሜትር፣ እምብርቱ (መሐሉ ላይ ያለው ጎድጓዳ) 3 ሴንቲ ሜትር። ውጭኛው ዙር ላይ ሸንተረር 40 ያህል፣ ጫፋቸው ለሁለት ይከፈላል። ስፌት አልታየም። አልተነካም።»

«ከንብርብሩ አልተላቀቀም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ከሁሉ ትበልጣለች። ተንከባልሎ የመጣ ከሆነ «ተንከባልሎ የመጣ፣ የመጣበት አይታወቅም» ተብሎ ይጻፍ። ሁለቱን መቀላቀል ለሚያጠናው ሰው ከምንም የባሰ ነው። የዝርያ ስም ከኢንተርኔት አይታችሁ አትለጥፉ። «አሞናይት፣ ዓይነቱ አልተለየም» በቂ ነው።

ማሳወቅ

ቦታው በድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ ከሆነ ለከተማው፣ በሐረሪ ከሆነ ለክልሉ የባህልና ቱሪዝም ቢሮ። ከሐረር ትንሽ ወጣ ካላችሁ ኦሮሚያ ነው፣ ከድሬዳዋ ወደ ሰሜን ሶማሌ ክልል ነው፤ እዚያ ያለውን የወረዳውን ቢሮ ጠይቁ። በፌዴራል ደረጃ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አለ። የጂኦሎጂ ጥያቄ ያለው ሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምድር ሳይንስ ትምህርት ክፍልን ወይም በቅርቡ የሚያገኘውን የጂኦሎጂ መምህር ይሞክር። ፎቶዎቹንና ጽሑፉን አንድ ላይ አድርጋችሁ ስጡ፤ አንድ ቅጂ እናንተ ዘንድ ይቅር። መልስ ቢዘገይም ተስፋ አትቁረጡ፣ መዝገቡ ቀኑን ይዟል።

ትክክለኛውን ቦታ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ አትልቀቁ። ፎቶውን ለጥፉ፣ ስለ ባሕሩ ጻፉ፣ ሰው ይወቅ። ግን ሎኬሽኑን አጥፉና «ከሐረርጌ» በሉ፣ በቃ። ቦታው ከታወቀ በኋላ መዶሻ ይዞ የሚሄድ ሰው አይጠፋም።

ድንጋዩ ቀድሞ ተነስቶ ከሆነስ? ለምሳሌ ቤት ለማሠራት ከመጣ ጭነት ውስጥ ካገኛችሁ፣ ሹፌሩን ከየት ካባ እንዳመጣው ጠይቁ። ካባው ከታወቀ ግማሹ መረጃ ተገኘ ማለት ነው። ድንጋዩ ሲሚንቶ ሳይቀባ ፎቶውን አንሱ፣ ለብቻው አስቀምጡት፣ ከላይ እንዳልኩት አሳውቁ። ልጆች ይዘው መንገድ ላይ ቢሸጡላችሁ አትግዙ። ዛሬ አንድ የገዛ ሰው ነገ አሥር ያስፈነቅላል። ይልቅ የት እንዳገኙት እንዲያሳዩአችሁ ጠይቋቸውና ለምን ከቦታው ማንሳት እንደማያስፈልግ አስረዷቸው። ልጅ ቶሎ ይገባዋል።

ከዓመት በኋላ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ያው ቦታ ተመለሱ። የመጀመሪያውን ፎቶ ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ ከዚያው አቅጣጫ፣ ማስመሪያውን እዚያው ጎን አድርጋችሁ አንሱ። ዝናቡ ምን ያህል እንደሸረሸረው፣ ሰው ነክቶት እንደሆነ፣ አዲስ የተገለጠ ካለ በዚያው ገጽ ላይ ጻፉና ሁለተኛውን ፎቶ ለዚያው ቢሮ ላኩ። ሊወድቅ የደረሰ ከሆነ በትልቁ ጻፉላቸው፤ ለማንሳት ፈቃድና ዕውቀት ያለው ሰው ቀድሞ ሊደርስ የሚችለው ያን ጊዜ ነው።